የአህይት ሞተርና መካሪዎቿ

ተረት ተረት! «የላም በረት» በሉና አዳምጡ፤ መሐል ላይ የሚያቋርጠኝ ግን ወዮለት።

እንስሳም ብረትም አፍ አውጥቶ በሚናገርበት ዘመን፣ እመት አህይት ወንዝ ዳር እጥበት ቤት ነበራት። ቤንዚን እየጠጣ ውሃ በግፊት የሚተፋ ሞተር ነበራት፤ ጭቃ የነካው ሁሉ እሷ ዘንድ ይታጠባል።

አንድ ቀን ጠዋት አያ ጅቦ መጣ። አጎቱ ሞቶበት፣ በዚህ ጠረኑ ለቅሶ መድረስ አፍሯል።

«ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ታጥቢኛለሽ» አላት። «ካላጠብሽኝ ለቅሶው ይቅርብኝ፤ አንቺን በልቼ እተኛለሁ።»

ይህን ብሎ ከአጥሩ ውጭ ጥላ ሥር ተጋደመ። አህይት የሞተሩን ገመድ ሳበች፤ እምቢ። ደግማ ሳበች፤ እምቢ። ሠልሳ ሳበች፤ እምቢ።

ሞተሩ «እመቤቴ፣ እኔኮ...» ብሎ ሲጀምር ጦጣ ከዛፍ ወረደች። እሳት ጫሪው ካንዴላ ነው አለች። ሞተሩ ሊናገር ቢል፣ ታላቅ ሲያወራ ታናሽ ዝም ይላል ብላ ገሠጸችው። እሱም ገና አምና የተገዛ ጨዋ ነበርና ዝም አለ። ካንዴላው ተፈታ፣ ተጠረገ፣ ተመለሰ። ገመዱ ተሳበ፤ እምቢ።

ቀበሮ መጣ። ቤንዚኑ ከርሟል አለ። ሞተሩ አፉን ከፈተ፤ ዝም በል ተባለ። አሮጌው ቤንዚን ተቀዳ፣ አዲስ ተሞላ። ገመዱ ተሳበ፤ እምቢ።

ፍየል መጣ። የአየር ማጣሪያው ነው አለ። አወጣው፣ ጫፉን ቀመሰው፣ አቧራ አቧራ ይላል ብሎ መለሰው። ሞተሩ አሁንም ዝም በል ተባለ፤ ገመዱ ተሳበ፤ እምቢ።

አህይት ጨርቋን ልትጥል ደርሳለች፤ ግን ይሉኝታ ይዟታል። ልርዳሽ ብሎ የመጣን ጎረቤት ማን ሂድ ይለዋል? ክንዷ ዝሏል፣ ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች፣ ጅቦም ተነስቶ እያዛጋ ነው። ይሄኔ ምርር አላት።

«በቃኝ፤ ሁላችሁም ከግቢዬ ውጡልኝ» አለች። ወደ ሞተሩም ዞረች። «አንተስ ምን ሆነህ ነው የምታስበላኝ?»

«ጠዋት ልነግርዎ ነበር እመቤቴ» አለ ሞተሩ። «ዘይቴ ጎድሏል። እንዲሁ ብነሳ ውስጤ ተፋፍቆ ያልቃል ብዬ ነው እምቢ ያልኩት። ገመዱም የከበደዎ ቱቦው ውስጥ ግፊት ታምቆ ነው፤ መርጫውን ጫን አድርገው ያስተንፍሱልኝ።»

አህይት ከገዛችው ወዲህ ዘይቱን አንድ ቀን አይታ አታውቅም፤ አፈረች። ዘይቱን እስከ ምልክቱ ሞላች፣ መርጫውን ተጭና አስተነፈሰች፣ ገመዱን ሳበች። ሞተሩ ተነሳ።

ጅቦ ጥርሱን እያፋጨ በሩ ላይ ደርሷል። «ቁም፣ አያ ጅቦ» አለችውና ውሃውን ለቀቀችበት። ከጅራቱ እስከ ጆሮው አጠበችው፤ ሊነክሳት አፉን ቢከፍት አፉንም አጠበችለት። ንጹሕ ሆኖ፣ ከነረሃቡ፣ እያስነጠሰ ወደ ለቅሶው ሄደ።

ከአጥሩ ውጭ ጦጣ «ካንዴላውን አስጠርጌላት ነው» ትላለች፤ ቀበሮ «ቤንዚኑን አስቀይሬላት ነው» ይላል፤ ፍየል ያኝካል።  አህይት ግን ከዚያ ወዲህ ገመዱን ከመሳቧ በፊት ዘይቱን ታያለች፣ ሞተሩንም እንዴት አደርክ ትለዋለች።

የኔ ተረት እዚህ ላይ አበቃ፤ ዳቦው ቢቀር ይህችን ያዙልኝ፦ ሕመሙን ታማሚው ያውቀዋል፤ መካሪ ቢበዛ ዘይት አይሆንም።