የመስከረም አቁማዳ

«ተረት ተረት።»

«ጆሯችን ክፍት።»

እንደሱ ነው። ጠጋ ጠጋ በሉ። አንተም ፍሬሰንበት፣ ልጄ፣ እዚያ ጥግ ሆነህ ደመወዝህን የምትደምር የምትቀንሰው፣ ባትጠጋም ስማ። የዓመቱን ወጪ እያቀድኩ ነው ብለሃል። የኔም ወሬ ከዚያው ነው።

በድሮ ዘመን ቢያድግልኝ የሚባል ገበሬና ማንጠግቦሽ የምትባል ሚስቱ ነበሩ። ጌቶችም አይደሉ፣ ድሆችም አይደሉ። ጥንድ በሬ አላቸው፣ አንድ ጎተራ አላቸው፣ ሦስት ልጆች አሏቸው። ጎተራው በጥር ይሞላል። ከዚያም የሰርግ ወራት ነውና ይደገሳል፣ የመጣው ሁሉ ይጋበዛል። ቢያድግልኝ ሰው ማብላት ይወዳል። ክረምት ሲገባ ግን ጎተራው ባዶ ይሆናል። ያን ጊዜ ቁናዋን ይዛ ዱቄት የምትበደር ማን ናት? ማንጠግቦሽ ናት። የምትበደረውም ከጎረቤቷ ከደብሪቱ ነው። ደብሪቱ ደግ ሴት ናት፣ ባዶ እጅ አትመልስም። ግን ዱቄቱን በቁና፣ ወሬውን በጎተራ ነው የምትሰጠው።

አንድ ክረምት ማንጠግቦሽ መረራትና ባሏን እንዲህ አለችው፦

«ከእንግዲህ ቁና ይዤ ደብሪቱ ደጅ ከቆምኩ ወደዚህ አልመለስም። በዚያው ወደ አባቴ ቤት ነው የምሄደው።»

ቢያድግልኝ ደነገጠ። ሚስቱን ይወዳታል፣ ያለችውን እንደምታደርግም ያውቃል። ስለዚህ በጥር እህሉ ከአውድማ ሲገባ ቁጭ ብሎ አሰበ። አሰበና አሥራ ሁለት አቁማዳ ከቆዳ አሰፋ። ለዘር የሚሆነውን ለየና የቀረውን እኩል አካፍሎ በየአቁማዳው ሞላ። አንዱን ጥር አለው፣ አንዱን የካቲት አለው፣ እንዲያ እያለ ታኅሣሥ ደረሰ። ማንጠግቦሽም አብራው አፋቸውን በጠፍር አሰረች። ሁሉም ግድግዳ ሥር ተደረደሩ። ደስ አላት። እሱ ግን ራሱን ያውቃላ፣ እጁን ዘርግቶ ማለ፦

«የአንዱን ወር አቁማዳ በሌላው ወር ከፈታሁ ይህ እጄ ይድረቅ።»

ምን ልበላችሁ፣ ነገሩ ሰመረ። የካቲትን በየካቲት በሉ፣ ሚያዝያን በሚያዝያ በሉ። እንግዳ ቢመጣም ከዚያው ከወሩ ነው። ቢያድግልኝ ኮራ። ቤተ ክርስቲያን ደጅ ሰው እያቆመ ስለ አቁማዳዎቹ ማውራት ጀመረ። ሐምሌ ገባ፣ አልተበደሩም። ነሐሴ ገባ፣ አልተበደሩም። የነሐሴ አቁማዳ በወሩ መጨረሻ ተራገፈ። በማግስቱ ቢያድግልኝ በጠዋት ተነሣና የመስከረምን ሊፈታ ጠፍሩን ያዘ።

ማንጠግቦሽ ጠየቀችው፦ «ዛሬ መስከረም ነው እንዴ?»

እጁን ሰበሰበ። መስከረም አይደለም። ጳጉሜ ናት። ሁለቱም ረስተዋታል። ትንሽዬ ናት፣ ሆዷ ግን ከትልልቆቹ ወሮች አያንስም።

ያን ቀን ጎመን ቀቅለው በሉ። በማግስቱም ጎመን ሆነ። ከዚያም የሩፋኤል ዕለት ልጆቹ በዝናቡ ሲጠመቁ ውለው ተርበው ገቡ። ትንሿ ልጅ ድስቱን ከፍታ አየችና አለቀሰች። ማንጠግቦሽ ብድግ አለችና ቁናዋን ከተሰቀለበት አወረደች።

ቢያድግልኝ ቁናዋን አየ። ሄደችብኝ አለ በሆዱ። ዘሎ ቁናውን ነጠቃት። ጋቢውን እስከ ዓይኑ ተከናነበና በጓሮ በኩል ወጣ።

በዚያ አገር ወንድ ቁና ይዞ ዱቄት ሲበደር ታይቶ አያውቅም። ደብሪቱ በሩን ከፍታ ስታየው አፏን ያዘች፦ «ማንጠግቦሽ ሞተች እንዴ?»

አልሞተችም አላት። ታማ ነው ወይ አለችው፣ ደህና ናት አላት። እህሉ አለቀ ወይ አለችው፣ አለ አላት። ካለ ለምን ትበደራለህ አለችው። ምን ያድርግ፣ አቁማዳዎቹን፣ መሐላውን፣ ጳጉሜን አንድ በአንድ ነገራት። ባሏን ጠራችና ድገምለት አለችው። ደገመ። እኅቷም መጣች፣ ለእሷም ደገመ። ዝናቡ ጋቢውን አልፎ ገባ፣ ፊቱ በእፍረት ጋለ። ቁናው በመጨረሻ ሞላለት። ይህን ሁሉ ማንጠግቦሽ በየክረምቱ ስትችለው ኖራለች። እሱ ደግሞ እቤት ቁጭ ብሎ፣ ምነው ዘገየሽ፣ ይላት ነበር። ይህን እያሰበ በጭቃው ተመለሰ።

ቤቱ ሲደርስ የገንፎ ሽታ ተቀበለው። ልጆቹ ገበታውን ከበው ይበላሉ። የመስከረም አቁማዳ አፉ ተከፍቷል።

ቢያድግልኝ፦ «መሐላውስ?»

ማንጠግቦሽ፦ «የማለው ያንተ እጅ ነው። የኔ እጅ መች ማለ?»

«ታዲያ ቁናውን ለምን አወረድሽው?»

«ከመስከረም ልሰፍርበት ነበር። አንተ ነጠቅከኝ።»

«ለምን አልጠራሽኝም?»

«ልጠራህ ነበር። ከዚያ፣ አንድ ጊዜ ይሂድና ይየው አልኩ።»

ቢያድግልኝ ዱቄቱን አስቀመጠ፣ ጋቢውን አወለቀና አጠገቧ ተቀመጠ። «አየሁት» አላት። እሷም ከገንፎው አጎረሰችው።

ከዚያም ማንጠግቦሽ በእጇ እየፈታች ከቀሩት አቁማዳዎች ጥቂት ጥቂት ዘግነው የመስከረምን ጉድለት ሞሉ። የደብሪቱንም ዱቄት መለሱ። በሚቀጥለው ጥር አንዲት ትንሽ አቁማዳ ተጨመረች። ጳጉሜ ስትመጣ ከእሷ ገንፎ ይገነፋል፣ ደብሪቱም ትጠራለች። መጥታ ትበላለች፣ ስትበላ እንኳን ዝም አትልም።

እና ልጄ፣ አንተ ለስንት አካፈልከው? እዩት፣ ወረቀቱን ገለበጠው። ደመወዝ ጳጉሜን አያውቃትም፣ ልጆችህ ግን በጳጉሜም ይበላሉ። አምና በዚያን ሰሞን ቁና ይዛ በጓሮ በኩል የወጣችው ማን እንደሆነች ሚስትህን ጠይቃት።

ተረቴ አለቀ፣ ጉሮሮዬ ደረቀ። የሰማ ያብላኝ፣ ያልሰማ ያጠጣኝ። ከመስከረሙ ሳይሆን ከዛሬው።