የልጆቹ ሁሉ አባት

ርዕሰ መምህር ጌጤነህ አንዲት ጎመን ነጋዴ እናት በደሉ፤ በዋንጫ ጨዋታው ዋዜማ ልጇን ከመረብ ኳስ ቡድኑ አስወጡባት። የትምህርት ቤቱ ደንብ ወላጅ በጨዋታ ላይ ከጮኸ ልጁ ከቡድኑ ይወጣል ይላል፤ እሷ ደግሞ ባለፈው ጨዋታ ልጇ ስትወድቅ «አይዞሽ፣ ተነሺ!» ብላ ጮኻለች። በዚያው ጨዋታ እሳቸው ራሳቸው ዳኛውን «ዕውር!» ሲሉ ውለው ድምፃቸው ተዘግቷል።

በወላጆች ስብሰባ ላይ፣ በዚያው በተዘጋ ድምፅ፣ «እንደምታውቁት በዚህ ግቢ የልጆቹ ሁሉ አባት እኔ ነኝ» ብለው እንደ ልማዳቸው ጀመሩ። ቀጥለውም እናትየዋ ተነስታ በሰው ፊት ይቅርታ እንድትጠይቅ አዘዟት።

ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች።

«እሺ ጋሼ፣ ይቅርታ። ግን እናቷ አንዴ ስለጮኸች የኔ ልጅ ከወጣች፣ አባታቸው ሲጮሁ የዋሉባቸው እነዚህ ሁሉ ልጆችማ ነገ እንዴት ሊጫወቱ ነው?»