አያ ጅቦ የበላው ኮምፒውተር

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት ሁሉ የግጦሽ መሬታቸውን በኮምፒውተር ማስመዝገብ በጀመሩበት ዘመን፣ በአንድ ጫካ ውስጥ ሰባት ኮምፒውተሮች ያሉት መዝገብ ቤት ነበር። ኃላፊው አያ ጅቦ፣ አማካሪው ቀበሮ፣ የኮምፒውተር ባለሙያዋ ደግሞ አህያ ነበረች። አህያ መሆኗን ሰምቶ የሚስቅ ካለ ይሳቅ፤ በዚያ ቤት ሥራውን አሳምራ የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች።

አህያን አንድ ነገር እረፍት ይነሳት ነበር። የእያንዳንዱ መንጋ መሬት የተመዘገበው በአንድ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው፤ ያ ኮምፒውተር ቢበላሽ መንጋው ሜዳ ላይ ይቀራል። የአህዮች መሰማሪያ የሆነው የሸንበቆ ጨፌም ዕጣው ይኸው ነው። ስለዚህ ሰባቱንም በገመድ አገናኘችና በንጉሡ በአያ አንበሶ ግቢ ከተቀመጠው ሰርቨር፣ ማለትም የሁሉንም መዝገብ ከሚያከማች ትልቅ ኮምፒውተር ጋር አያያዘቻቸው። ማንም ሳያዛቸው በየቀኑ በምሳ ሰዓት የመዝገባቸውን ቅጂ እንዲልኩ አደረገች፤ መስመሩ እንዳይጨናነቅም በየአሥር ደቂቃው ተራ ሰጠቻቸው።

በማግስቱ ሰርቨሩን ብታይ ባዶ ነው። በሦስተኛውም ቀን ባዶ። በአራተኛው ቀን ምሳዋን ትታ ቢሮ ውስጥ ጠበቀች። አያ ጅቦ እያዛጋ መጣና መብራቱን ከቆጣሪው አጠፋው።

«ምነው አያ ጅቦ! ለምን ያጠፉታል?»

«እኛ ምሳ ስንበላ እነሱ ሊሠሩ ነው እንዴ? ይረፉ እንጂ! እኔ እንደ ሌላው ኃላፊ ጨካኝ አይደለሁም።»

አህያ ልትስቅም ልትናደድም ቃጣት። ክርክሩን ተወችና ሰዓቱን ሁሉም ሥራ ላይ ወደሚሆንበት ወደ ረፋድ ቀየረችው። ቅጂዎቹ በየተራ መግባት ጀመሩ። እሷ ግን ገቡ ብላ ዝም አላለችም፤ እያንዳንዱን ከሰርቨሩ መልሳ ከፍታ አነበበች።

ይህን ያየው ቀበሮ ወደ ጅቡ ጆሮ ተጠጋ። «ጌታዬ፣ ያ የሸንበቆ ጨፌ ለእርስዎ አይገባም? የአህዮቹ መዝገብ ከጠፋ ማን ይጠይቅዎታል? መጀመሪያ ግን ቅጂውን ያሰርዙ።»

አያ ጅቦ አህያን አስጠራት።

«ገመዱን ነቅለሽ የጨፌውን ቅጂ ሰርዢ!»

«አልሰርዝም።»

«ኃላፊሽ እኮ ነኝ!»

«የቢሮው ኃላፊ ነዎት፤ ጨፌው ግን የእኛ ነው። ከፈለጉ ያባርሩኝ።»

«እበላሻለሁ!»

አህያ ፈርታ ነበር፤ በጣም ፈርታ ነበር። ግን ወደኋላ አላለችም። «ይብሉኝ! እኔን እየበሉ ሳለ እንኳ ቅጂው በሰዓቱ ይሄዳል!»

ከሰርቨር ላይ መሰረዝ የማያውቀው ጅብ የሚያውቀውን ሠራ። የአህዮች መዝገብ ያለበትን ኮምፒውተር ከነገመዱ፣ ከነስክሪኑ ቀረጣጥፎ በላው።

በሳምንቱ በጨፌው ጉዳይ ሸንጎ ተቀመጠ። አያ ጅቦ በአያ አንበሶ ፊት ቆሞ፣ «ጨፌው የእኔ ነው! የአህዮች ነው የሚል መዝገብ ካለ ይቅረብ!» ሲል ደነፋ። አህያ አንድ ባዶ ኮምፒውተር አምጥታ ከሰርቨሩ ጋር አገናኘች። ጥቂት ቆይቶ ጽሑፉ ወጣ፤ አያ አንበሶም ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው፦ «የሸንበቆ ጨፌ፤ ባለይዞታ፣ የአህዮች መንጋ።»

«ውሸት ነው!» ብሎ ጮኸ ጅቡ። «እሱን እኮ እኔ ራሴ አድቅቄ በልቼዋለሁ!»

ሸንጎው በሳቅ ፈነዳ። ቀበሮ በጓሮ በር ሹልክ ብሎ ወጣ፤ ጅቡም ከኃላፊነቱ ተሽሮ ሆዱን ይዞ እያቃሰተ ተባረረ።

አያ አንበሶ ግን ዓይኑን ከስክሪኑ አላነሳም። «ለካስ ይሄን ያህል ሰፊ ጨፌ ነው?» አለ ጢሙን እየላሰ። «ሰርቨሩ እንግዲህ ያለው በእኔ ግቢ ነው…»

አህያ ጆሮዋን ቀጥ አድርጋ ትክ ብላ አየችው።

«አዎ፣ ጌታዬ፤ ሌላው ቅጂ ደግሞ ኤሊ ቤት ነው። የእርስዎንም ጥርስ አይቼ ነው ያስቀመጥኩት።»

አያ አንበሶ ጉሮሮውን ጠራረገና ጨፌው የአህዮች መሆኑን ፈረደ።

ከዚህ የምንማረው፣ መብቱን ማስከበር የሚፈልግ ሁሉ ማስረጃውን በአንድ ቦታ ብቻ ማኖር እንደሌለበት፣ «አጥፋው» ብሎ ለሚያስፈራራውም «እምቢ» ማለት እንዳለበት ነው።