በአህያ ጀርባ የመጣ አደባባይ

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት ተሰባስበው በሚኖሩባት ከተማ መሐል «አቧራ ሜዳ» የሚባል ገላጣ ቦታ ነበር። ባለቤት ስላልነበረው የሁሉም ነበር። ፍየሎች ይዋጉበታል፣ ዶሮዎች ይጭሩበታል፣ አንዲት ያረጀች አህያ ደግሞ አመሻሽ ላይ ከሸክም ስትመለስ ትንከባለልበታለች። ጀርባዋ ገጣባ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ዝንብ ሲበላው ይውላል። በዚህ ዓለም ላይ እሷን የሚያሳርፋት ያ አቧራ ብቻ ነበር።

አንድ ቀን ቀበሮ እንስሳቱን ሁሉ ሜዳው ላይ ሰበሰበች። ጌታው አንበሳ የልማት ኮሚቴ ሰብሳቢ አድርጎ ሾሟት ነበር። ስብሰባው ረፋዱ ላይ ተጀምሮ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ዘለቀ። ምን ምን እንደተባለ የሚያስታውስ የለም፤ እኔም ብዙ ስብሰባ ስላየሁ አልፈርድባቸውም።

«ይህ ሜዳ አደባባይ ይሁን፤ ሁላችንም እናዋጣ» አለች ቀበሮ በመጨረሻ። «ዝርዝሩን ኮሚቴው ይጨርሰዋል። የምትደግፉ ጆሯችሁን አቁሙ።»

በዚያች ከተማ ድጋፍ የሚሰጠው ጆሮ በማቆም ነው። እንስሳቱ ቶሎ ወደየቤታቸው ለመሄድ ሲሉ አቆሙ። የአህያ ጆሮ ግን ስትፈጠርም የቆመ ስለሆነ፣ እሷ አፏን ሳትከፍት ከደጋፊዎቹ ጋር ተቆጠረች።

«ኧረ እኔስ ልጠይቅ ነበር» አለች አህያ። «የምንከባለልበት አንድ ጥግ ይቀርልኛል ወይ?»

ቀበሮ የያዘችውን የኮባ ቅጠል በጥፍሯ ጫር ጫር አደረገች። «እትዬ አህያ፣ አስተያየትሽ ተይዟል።»

መዋጮው ተጀመረ። ላም ለመቀመጫው ጠፍር እንዲሆን የሟች እናቷን ቆዳ ሰጠች። አያ ጅቦ ምን እንደሚያዋጣ ሲጠየቅ «እኔ እጠብቃለሁ» አለ፤ ተመዘገበለት። አህያ ጀርባዋን ሰጠች። ሁለት ወር ሙሉ ከወንዝ ድንጋይ አመላለሰች። አቧራው በየቀኑ ሲጠብ ታያለች፤ «ግድ የለም፣ የኔ ጥግ ተይዟል» እያለች ትመለሳለች።

አደባባዩ ተመረቀ። በማግስቱ አመሻሽ ላይ አህያ ስትመጣ ዙሪያው በእሾህ ታጥሮ በሩ ላይ ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ «መንከባለል፣ መጫርና መዋጋት ክልክል ነው» ይላል። ከሰሌዳው ሥር ጅብ ተቀምጦ ያኝካል።

«አያ ጅቦ፣ ምን እየበላህ ነው?»

«የመቀመጫውን ጠፍር። ብዙ ስለሆነ አይታወቅም።»

ከጀርባው መቀመጫዎቹ ሁሉ እግራቸው ብቻ ቀርቷል። አህያ ስለዚያ መናገር እንኳ ደከማት።

«በል አሳልፈኝ፤ ጀርባዬ ተቃጥሏል።»

«መግባቱን ግቢ። መንከባለል ነው የተከለከለው፤ ድንጋዩን ታቆሽሺዋለሽ።»

«ድንጋዩን እኮ ያመጣሁት እኔ ነኝ።»

ጅብ ለማሰብ ሞከረና ቶሎ ተወው። «እሱ እኔን አይመለከተኝም። ኮሚቴውን ጠይቂ።»

አህያ ገባችና እንደምንም ጋደም አለች። ድንጋዩ ገጣባዋን ላጠው። ቀስ ብላ ተነሣች፤ እያንዳንዱን ድንጋይ ከየት እንዳመጣችው ታውቃለች። አዘነች፤ በቀበሮ ብቻ ሳይሆን በራሷም አዘነች። ከዚያ ወጥታ ከአጥሩ ውጭ፣ መንገድ ዳር በተረፈችው አቧራ ላይ ተንከባለለች። በማግስቱ ዶሮዎቹ መጡ፤ ፍየሎቹም ተከተሉ። አደባባዩ ባዶውን ቀረ።

ጌታው አንበሳ ይህን ሰምቶ ቀበሮን ተቆጣ። ቀበሮም እየሮጠች መንገድ ዳር ደረሰች።

«ይህ ቦታም ቢለማ መልካም ነው» አለች ትንፋሿ ሳይመለስ። «የምትደግፉ ጆሯችሁን አቁሙ።»

አህያ ከተኛችበት አልተነሣችም። አንዱን ጆሮዋን ጣለች፤ ቀጥሎም ሌላውን። ጆሮዋ ወድቆ አይተው የማያውቁት እንስሳት መጀመሪያ ደነገጡ፤ ኋላ የየራሳቸውን ጣሉ። ቀበሮ ቆጠረች፤ ደግማ ቆጠረች፤ የቆመ አላገኘችም።

«እትዬ አህያ፣ አሞሻል እንዴ?»

«ደህና ነኝ። ድንጋዩን የምሸከም እኔ ከሆንኩ የት እንደሚነጠፍም እኔን ጠይቂኝ። ባለፈው ተናግሬ ነበር።»

«እሱማ ተይዟል አልኩሽ እኮ።»

«እንግዲያው አንብቢልን።»

ቀበሮ የኮባ ቅጠሏን አወጣች። ጭረት እንጂ አንድም ፊደል አልነበረበትም። እንስሳቱ ጆሯቸውን እንደጣሉ ጠበቋት። ቀበሮም አቧራው ላይ ቁጭ አለችና «እሺ፣ ከመጀመሪያው ንገሪኝ» አለች። አህያም መናገር ጀመረች፤ ጀርባዋ ግን ገና እየደማ ነበር።

ከዚህ የምንማረው፣ ለጋራ ቦታ ጉልበቱን የሚሰጥ ሁሉ ቦታው ምን ይሁን በሚባልበት ጊዜም ቃሉን መስጠትና ቃሉ መጻፉን በዓይኑ ማየት እንዳለበት፣ ይህንንም ድንጋዩ ከመነጠፉ በፊት ማድረግ እንደሚገባው ነው።