በዝናብ ቀን ቀድሞ የሚገባው ባለታክሲ

አንድ ባለታክሲ ነበረ። «የኔታ፣ በቀን ስንት ቅኔ ብቆጥር ይበቃኛል?» ብለህ ጠየቅኸኝ፤ እኔ መኪና የማውቀው ከኋላ ወንበር ቢሆንም በዚህ ሰው እመልስልሃለሁ።

ሰውየው ታታሪ ነበረ። ጠዋት ሲወጣ የዕለቱን ገቢ በልቡ ይቆርጣል፤ ያ ሳይሞላ አይገባም፣ ከሞላ ደግሞ አንድም ሰው አይጭንም። በዚህም ይኮራ ነበር። በደረቅ ቀን ሰው ሁሉ በእግሩ ስለሚሄድ ባዶ መኪና ይዞ ሲዞር ይመሽበታል፤ ሲገባ ልጆቹ ተኝተዋል። በዝናብ ቀን ግን ሰው ይሻማበታል፤ ገቢው ገና በስድስት ሰዓት ይሞላና «የዛሬው ተገኘ» ብሎ ቤቱ ገብቶ ይተኛል። ሌሎቹም ባለታክሲዎች እንደሱ ነበሩ።

አንድ የሰኔ ቀን ዶፍ ወረደ። ገቢው ሞላ፤ መንገድ ዳር የተዘረጉትን እጆች እያለፈ ወደ ቤቱ ነዳ። ሲደርስ በሩ ተቆልፏል። ጎረቤቱ ብቅ ብላ፣ «ትንሿ ልጅህ ትኩሳት በርትቶባት እናቷ ጤና ጣቢያ ልትወስዳት ወጥታለች፤ ታክሲ ፍለጋ ከሄደች ቆየች» አለችው።

ደነገጠ። መኪናውን አዙሮ ሲከንፍ፣ ሚስቱን አሁን ባለፈበት መንገድ ዳር ልጅቷን በነጠላዋ ሸፍና ከብዙ ሰው ጋር ቆማ አገኛት።

«ቅድም ስታልፍ ጠርቼህ ነበር» አለችው መኪናው ውስጥ ከገባች በኋላ። አልተቆጣችም። «ሰው በሚፈልግህ ቀን ትገባለህ፣ በማይፈልግህ ቀን እስኪመሽ ትዞራለህ። ይሄ ምን የሚሉት ሥራ ነው?»

በጣም አፍሮ ወደ ጤና ጣቢያው ነዳ።

ልጅቷ ዳነች። ሰውየውም ከዚያ ወዲህ በዝናብ ቀን እስኪደክመው ይሠራል፤ በደረቅ ቀን በጊዜ ገብቶ ከልጆቹ ጋር ራቱን ይበላል። የሚደክምበት ሰዓት አነሰ፣ ገቢው ግን ከቀድሞው በለጠ።

ልጄ፣ አንተም እንደዚያ ሰው ነህ። የቅኔው ምሥጢር በመጣልህ ቀን ሁለት ቅኔ ቆጥረህ ትነሣለህ፤ በነጠፈብህ ቀን ሁለቱ እስኪሞሉ ራስህን ስታስጨንቅ ትውላለህ። ስለዚህ ቁጥር አትጠይቀኝ። የነጠፈብህ ቀን ተነሥተህ ልብስህን እጠብ፣ የታመመ ጠይቅ፤ ምንም አይቀርብህም። በመጣልህ ቀን ግን ራት ቢያልፍህም ከቦታህ ንቅንቅ እንዳትል።

ዛሬ ሁለቱንም ጨርሰህ ደስ ብሎህ ስትመጣ አይቼሃለሁ። ገና ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው። ተመለስና ተቀመጥ።