የስርጉትን ስም አልጽፍም ያለው መዝገብ

አንዲት ተረት አለችኝ፤ እሷ አጭር ናት፣ መንገዷ ግን ረጅም ነው። ጆሮ ያላችሁ ጠጋ በሉ።

ስርጉት የምትባል ተማሪ ነበረች። አራት ዓመት ሙሉ መንግሥት እንዴት እንደሚመራ ስትማር ከርማ፣ አሁን የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ስሟ በተመራቂዎች መዝገብ ላይ እንዲጻፍላት። አባቷ ነገ ጋውን ለብሳ ሊያያት ከዳንግላ አውቶቡስ ተሳፍሯል። የሰኔ ካፊያ ግቢውን እንደ ስስ ሻሽ ሸፍኖታል። ሁለት ቀን እንቅልፍ ያላየች ልጅ በዚያ ካፊያ ውስጥ ስትሄድ፣ ዕቃው ሁሉ ቢያናግራት ምን ይገርማል?

«መዝገብ፣ መዝገብ፣ ስሜን ጻፍልኝ» አለችው።

«ወረቀትሽ ላይ ማኅተም ካላረፈ አልጽፍም» አለ መዝገቡ እያዛጋ።

ወደ ማኅተሙ ሄደች። «ማኅተም፣ ማኅተም፣ ወረቀቴ ላይ እረፍልኝ፤ መዝገቡ ስሜን አልጽፍም አለ።»

«ፊርማ ከሌለበት አላርፍም» አለ ማኅተሙ። ኩራቱ አይጣል ነው!

ወደ ትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ብዕር ሄደች። «ብዕር፣ ብዕር፣ ፈርምልኝ፤ ማኅተሙ አላርፍም አለ፣ መዝገቡ ስሜን አልጽፍም አለ።»

«የውጭ ቋንቋሽስ?» አለ ብዕሩ። «የመንግሥት አስተዳደር የተማረ ሰው አንድ የውጭ ቋንቋ ሳይዝ አይመረቅም። የአረብኛ ውጤትሽ ጎዶሎ ነው፤ አልፈርምም።»

 ስርጉት ጽሑፉንማ እንደ ጉድ ታንበለብለው ነበር! የቃል ፈተናው ቀን ግን ምላሷ ተሳሰረና አንዲት ቃል ሳትተነፍስ ወጣች። ማፈሯን ለመሸፈን «የራሴን አገር ለማስተዳደር የሰው ቋንቋ ምን ያደርግልኛል?» ስትል ከረመች።

ወደ አረብኛ አስተማሪዋ ወደ መምህር ኑረዲን ሄደች። ከቢሯቸው ደጃፍ፣ ደረጃው ላይ ተቀምጠዋል። «መምህር፣ እባክዎ እንደገና ይፈትኑኝ፤ ብዕሩ አልፈርምም አለ፣ ማኅተሙ አላርፍም አለ፣ መዝገቡ ስሜን አልጽፍም አለ።»

«እኔማ በፈተንኩሽ ልጄ። የውጤት ወረቀቱ ቢሮዬ ውስጥ ነው፤ በሩ ደግሞ ያለ ቁልፍ አልከፈትም አለ። ቁልፉ ዘበኛው ጋ ነው» አሉና ተከትለዋት ወረዱ።

ዘበኛው ጋሽ ይርዳው ከግቢው መግቢያ ቆመዋል። «ጋሼ፣ ቁልፉን ይስጡኝ! በሩ አልከፈትም አለ፣ መምህሩ ያለ ወረቀት አልፈትንም አሉ፣ ብዕሩ አልፈርምም አለ፣ ማኅተሙ አላርፍም አለ፣ መዝገቡ ስሜን አልጽፍም አለ።»

«ቁልፍ ለተማሪ አይሰጥም! የምከፍተው እኔው ነኝ» አሉ ጋሽ ይርዳው። «ግን ይቺን ሴት እንዲህ እያለቀሰች ጥያት የት እሄዳለሁ? መታወቂያ አልኳት፣ አልገባት። ጮክ ብዬም አልኳት፣ ባሰባት። ካላቆመች አልነቃነቅም።»

አንዲት ሱዳናዊት እናት የግቢው አጥር ሥር ተቀምጣ ታለቅሳለች። የተጠቀለለችበት የሱዳን ቶብ በካፊያው ረጥቧል። ስርጉት አጠገቧ ቁጢጥ አለች። ለሴትዮዋ በሩ አልከፈትም አለ፣ ብዕሩ አልፈርምም አለ ብሎ መንገር ምን ይፈይዳል? መዝገቡን ለአፍታ ረሳችው።

«ማን ቱሪዲን?» አለች በአረብኛ። ማንን ነው የምትፈልጊው ማለቷ ነው።

ሴትዮዋ ቀና አለች። ቃላቷ ጎረፉ፤ ስርጉት ግማሹን ሰማች፣ ግማሹ አመለጣት። ጦርነት፣ መንገድ፣ አንድ ዓመት ሙሉ ድምፅ የለም። ልጄ፣ ሕክምና ተማሪ። ሂባ።

ሂባ! ወይ ጉድ! ሂባ እኮ ዶርም ውስጥ ከስርጉት አልጋ ትይዩ የምትተኛዋ ልጅ ናት። ስርጉት ዓመቱን ሙሉ፣ አረብኛውን እንዳትሳሳት ፈርታ፣ በአንገቷ ብቻ ሰላም ስትላት ኖራለች። ያቺ ልጅ ማታ ማታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ስትተኛ አንድ ቀን እንኳ ምን ሆነሽ አላለቻትም። 

«አውቃታለሁ» አለች በአረብኛ፣ እያነባች። «ደኅና ናት። ነይ፣ እወስድሻለሁ።»

እናትየው ማልቀሷን አቆመች፣ ጋሽ ይርዳው ተነቃነቁ፣ ቁልፉ ዞረ፣ በሩ ተከፈተ፣ ወረቀቱ ወጣ። ስርጉት ግን የለችም፤ የእናትየዋን እጅ ይዛ ወደ ዶርም ሄዳለች።

«ሳትፈተን የት ሄደች?» አሉ ጋሽ ይርዳው።

«ጨርሳለች» አሉ ቆመው ሲያዳምጧት የነበሩት መምህር ኑረዲን፤ ውጤቱንም ሞሉ። ብዕሩ ፈረመ፣ ማኅተሙ አረፈ፣ መዝገቡም እያዛጋ ስሟን ጻፈ።

ስርጉት ያን አላየችም። ከዶርሙ ደጃፍ ቆማ፣ ሂባ ፎጣዋን ጥላ ወደ እናቷ ስትሮጥ ነበር የምታየው። ተረቴ እዚህ ላይ ደከማት፤ እናንተም ከጎናችሁ ያለውን ሰው ሰላም በሉልኝ።