በአስራ አንድ ሰዓት ያልተከፈተው መስመር

በአንድ ወቅት፣ መቼም ስልክ ፊት ማሳየት ከጀመረ ወዲህ ነው፣ በአንዲት የገጠር ከተማ ሆስፒታል አስካለ የምትባል እናት ሴት ልጅ ወለደች። በዚያው ቀን ባሏ ንጋቱ አዲስ አበባ ለልብ ቀዶ ጥገና ተኝቶ ነበር፤ ተራው አስራ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ሊተርፍም ላይተርፍም እንደሚችል ሐኪሞቹ አልሸሸጉትም። ጠዋት ደውሎ፣ «አስኩ፣ ከመግባቴ በፊት ፊቷን አንዴ ልያት» አላት። እሷም እሺ አለችው።

የከተማዋ ስልክ ድምፅ እንጂ ምስል አያሳልፍም። ምስል የሚያሳልፈው የሆስፒታሉ ኢንተርኔት ብቻ ነው። ቢተው የሚባል የኔትወርክ ሠራተኛ መስመሩ ለወላዶችም እንዲደርስ ሥራ አስኪያጁን ወር ሙሉ ደጅ ጠንቷል፤ ገመዱንም በእረፍት ቀኑ እየመጣ የዘረጋው እሱ ነው። የተፈቀደለት ግን በቀን አንድ ሰዓት ብቻ ነበር፤ ቢሮው ሥራ ሲጨርስ፣ ከአስራ አንድ እስከ አስራ ሁለት። ቢተው ያንን ሰዓት ስዊች በሚሉት፣ ገመዶቹ ሁሉ በሚሰኩበት ሳጥን ላይ ሞልቶ ለሌላ ሥራ ከከተማ ወጣ።

አስራ አንድ ሰዓት ሆነ። አስካለ ልጇን ታቅፋ ስልኳን ብትከፍት መስመሩ ዝግ ነው። አስር ደቂቃ ጠበቀች፣ ሃያ ጠበቀች፣ በመጨረሻ ለቢተው ደወለች። እሱም ምክንያት አልደረደረም።

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ እህቴ። ሰዓቱን በኛ አቆጣጠር ሞላሁት፤ ሳጥኑ ግን የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት ነው። ረፋድ ላይ ከፍቶ ዘግቶታል። እኔ ደግሞ ሩቅ ነኝ።» ቀጥሎም፣ «የካርድ ክፍሉ መስመር ግን የሰዓት ገደብ የለበትም» አለ።

የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ ጠጅነሽ አጠገቧ ቆማ ይህን ከስልኩ ሰማች። ሳጥኑን የነካ ከሥራ ይባረራል የሚለውን ማስታወቂያ ሳጥኑ ባለበት ክፍል በር ላይ የለጠፈችው ራሷ ናት። ሮጣ ሄዳ የራሷን ገመድ ነቀለችና የወላዶቹን ገመድ በቦታው ሰካች። ተመልሳም «በይ ቶሎ በይ፣ አስኩዬ!» አለቻት። በማግስቱም ማንም ሳይጠይቃት ለሥራ አስኪያጁ ተናገረች፤ ከባድ ማስጠንቀቂያ ተጻፈባት።

ያን ሰዓት ንጋቱ በተሽከርካሪ አልጋ ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል እየተገፋ ነበር። በሩ ጋ ሲደርሱ በእጁ የያዘው ስልክ ጮኸ። አልጋውን የሚገፋው ዋሴ ቀጥ ብሎ ቆመ። ከውስጥ ሐኪሞቹ «ምን ትጠብቃለህ?» ብለው ቢቆጡትም፣ «ልጁን ይይ እንጂ፣ ጌታዬ!» ብሎ ስልኩን ራሱ ያዘለት። ልጅቷ አፏን ከፍታ አዛጋች፤ ንጋቱም ሳቀ። አስካለ ያን ሳቅ ዕድሜዋን ሙሉ አትረሳውም።

እግዜር ይመስገን፣ ንጋቱ ተርፎ ቤቱ ገባ። «እሷን አይቼ ስገባ ፍርሃቱ ለቀቀኝ» አለ። «እሷን ያሳየኝ ሰው ስሟን ያውጣላት።»

አስካለ ሦስቱንም ጠየቀች። ቢተው፣ «እኔማ ያበላሸሁት ሰው! ጠጅነሽ ታውጣላት» አለ። ጠጅነሽ፣ «ዋሴ ባይቆም የኔ መሮጥ ምን ይፈይድ ነበር?» አለች። ዋሴም በስልክ፣ «እኔ ሦስት ደቂቃ ነው የቆምኩት፤ ገመድ የዘረጋው ወር ሙሉ ለፍቷል» አለ።

ልጅቷ እስካሁን «እሙዬ» ናት። ክርስትናዋ የፊታችን እሁድ ነው። እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ መንገዱን ከፍቶ ሰዓቱን ከሳተው፣ እንጀራዋን ለአደጋ ከሰጠችውና በሩ ላይ ከቆመው፣ ስሟን ማን ያውጣላት?